ሳይጠይቅ አትስጡት

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5 ቀን 1961

እኔ ቀድሪያ ሑሴን፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ፣ በአሥመራ የዓኽርያ ሰፈር ነዋሪ፣ ማንም ሳያስገድደኝ በሙሉ ፈቃዴ የሚከተለውን እናዘዛለሁ፦ ዛሬ ከቀትር በኋላ የመንግሥት የሕክምና መሣሪያ በልቻለሁ።

መሣሪያው ብስኩት ነው። የሆስፒታሉ የሕፃናት ሐኪም ዶክተር ኣዜብ ክዳኑ ጥብቅ ባለ ጠርሙስ ውስጥ ታስቀምጠዋለች። ልጁን ምንጣፍ ላይ ታስቀምጥና ጠርሙሱን እፊቱ ታደርጋለች። ልጁ ብስኩቱን ያያል፤ መክፈት ግን አይችልም። ከዚያ ዶክተር ምን ታደርጋለች? ምንም። የገዛ ጥፍሯን ታያለች። ልጁ እጇን እስኪጎትት ወይም ዓይኗን እስኪያይ ወይም «እ» እስኪል ትጠብቃለች። ባሕር ተሻግራ ያን ሁሉ ዓመት የተማረችው ጥፍር ማየት ነው።

ወንድሜ ነጅሙዲን፣ በቤት ስሙ ነጂ፣ አምስት ዓመቱ ነው፤ አይናገርም። ጆሮው ደህና ነው። እንዲያውም ከራዲዮ የሰማውን ልክ እንደ ዜና አንባቢው አስመስሎ ይደግማል። ግን ራበኝ፣ ጠማኝ፣ አመመኝ ብሎ አያውቅም። ዛሬም ብስኩቱን አየ፣ ጠርሙሱን አየ፣ ዞሮ ግድግዳውን አየ። ዶክተር ልታጽናናው ወደ መስኮቱ ስትወስደው ጠርሙሱን ከፍቼ በላሁ። ልጁ ካልጠየቀ እኔ ጠየቅሁ ማለት ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ እዚህ ደብተር ውስጥ አንቱታ የለም። በአፌ ሁሉንም አንቱ እላለሁ። እዚህ ግን ዶክተርም፣ አባዬም፣ ሲስተር ላቀችም እኩል ናቸው። ሲስተር ላቀች የሕፃናት ክፍል አለቃ ነርስ ናት። ሳሙና እንኳ ከእጇ ለመንሸራተት ይፈራታል።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ዛሬ አባዬ ራሱ መጣ። ሻሂ ቤቱን ለእማዬ ትቶ፣ የጁምዓ ኮቱን ለብሶ። ክፍሉን ሲያይ ክው አለ። ድሮ የአንሶላ መጋዘን ነበር፤ ወንበር የለውም፤ ግድግዳው አሁንም ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ዶክተር ሳምንቱን ሙሉ ተቅማጥና ኩፍኝ ስታክም ትከርማለች፤ ይህችን ክፍል የሚሰጧት ማክሰኞ ከሰዓት ብቻ ነው። ሌሎቹ ሐኪሞች «የጨዋታ ሐኪም» ይሏታል።

አባዬ ምንጣፉ ላይ ቁጢጥ አለ፤ ኮቱ እንዳይተሻሽ።

«ቤት ውስጥ ውሃ ሲፈልግ ምን ያደርጋል?» አለችው።

«ምን ያደርጋል? ሳይጠማው አቀርብለታለሁ።»

«ሲርበውስ?»

«ዶክተር፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሻሂ ቤት የሠራሁ ሰው ነኝ። ደንበኛ አፉን ከፍቶ ከጠየቀኝ ያን ቀን ሥራዬን አልሠራሁም። በር ላይ ሲቆም አረማመዱን አይቼ ስኳር ይብዛለት ይነስለት አውቃለሁ። የገዛ ልጄ ሲጠማው ይጠፋኛል?»

እኔ ሳቅሁ። ዶክተር አልሳቀችም። «አቶ ሑሴን፣ እርስዎ አላሳመሙትም። ሲፈጠርም እንዲህ ነው። ግን ልጅዎ በአሥመራ ከሁሉ በሚበልጠው ሻሂ ቤት ውስጥ ነው የሚኖረው። ለምን ብሎ ይናገራል?»

አባዬ መመስገኑ ይሁን መወቀሱ አላወቀም።

«ሳይጠይቅ አትስጡት» አለች። «በቃሉ መሆን የለበትም። በዓይኑም በእጁም ይሁን። እናንተ ግን ጠብቁት።»

ከጎናችን ለተብርሃን ነበረች፤ ኣምለሰት የምትባል የአራት ዓመት ልጅ አላት፤ እሷም አትናገርም። በትግርኛ ሹክ አለችኝ፤ «አባትሽ ይችላል?»

«ኣይፋል» አልኳት። አይችልም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 15

ዛሬ በቤታችን ጦርነት ነበር። ነጂ ጠምቶት እንስራው አጠገብ ቆመ። አባዬ ብኬሪውን፣ የውሃ ብርጭቆውን፣ ሞልቶ ይዞ ቆመ። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ውሃው እየፈሰሰ ነው።

«ስጠው እንጂ!» አለች እማዬ። «ልጁን በጥም ልትገድለው ነው?»

«ጥፍሬን እያየሁ ነው፣ አታናግሪኝ።»

ነጂ ሄዶ ተኛ። አባዬ ተከትሎት ሄደና በእንቅልፉ አጠጣው። በዕድሜዬ አባዬን እንደ ሌባ ሲሆን ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 26

ማይ! ማይ ማይ ማይ!

ሮጬ ነው የምጽፈው። ከቀትር በፊት፣ ሻሂ ቤቱ ሙሉ ሆኖ፣ ነጂ የአባዬን አውራ ጣት ያዘና ወደ ብኬሪው ገፋው። ቀና ብሎ ዓይኑን አየው። «ማይ» አለ። ውሃ። የሰፈር ልጆች ቧንቧ ላይ ሲሉ የሰማውን። ግን አልደገመም። ፈልጎ ነው ያለው!

ግማሹ ውሃ መሬት ላይ ፈሰሰ። ደንበኞቹ ሁሉ ተነሱ። አንዱ ሽማግሌ፣ «ሑሴን፣ ልጅህ በትግርኛ ጀመረ እኮ፤ ወሎ መመለስህን እርሳው» አለው።

«በጣልያንኛም ቢሆን እሰጠው ነበር» አለ አባዬ። ከዚያ ብኬሪ ላጥብ ብሎ ጓሮ ገባ። ብኬሪዎቹ የታጠቡ ነበሩ።

ማታ

ለዶክተር ስነግራት በሁለት እጇ አፏን ያዘች። ያቺ የተማረች ሴት። ከዚያ ሲስተር ላቀችን ጠርታ አስቀመጠቻት፤ መሬት ላይ! ጉልበቷ እንደ ደረቅ እንጨት ጮኸ፤ ኣምለሰት ሳቀች። ዶክተር ሲስተርን እንዴት እንደሚጠበቅ ታስተምራታለች። ሲስተር ግን ዝም ማለት አልቻለችም። «ና የኔ ልጅ፣ በል ንገረኝ፣ በል እንጂ፣ ምን ፈለግህ?» ነጂ ሮጦ ከምንጣፉ ሥር ሊገባ ምንም አልቀረውም።

ምንጣፉን አብሬያት ስጠቀልል ዶክተርን ጠየቅኋት፦ እርስዎ የሚችሉትን ለምን ለሲስተር ያስተምራሉ?

«አንድ ሐኪም ብቻዬን አውቀዋለሁ የሚለው ሥራ ጥንቆላ ነው» አለች። «ነገ ብታመም ይህን ምንጣፍ የሚዘረጋ ሰው ከሌለ ምን ሠራሁ? አንድ ዓመት ብቻ ቢተዉኝ ሦስት ሰው አስተምራለሁ። አንቺስ ወደፊት ምን ትሆኛለሽ?»

«እንደ አባዬ ከሆነ ሙሽራ።»

«እንዳንቺስ ከሆነ?»

ይህን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ስለዚህ ቀለድሁ። ምን ብዬ እንደቀለድሁ አሁን አላስታውስም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 5

የክፍላችን ልጅ እያሱ ከመስከረም ጀምሮ ወንበሩ ባዶ ነው። መምህሩ ስሙ ላይ ሲደርስ ይዘለዋል። ማንም የት ሄደ አይልም። በዚህ ከተማ ሳይናገር የሚኖር ነጂ ብቻ አይደለም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

ረመዳን። ራበኝ፤ ቁጡ ነኝ፤ ከሰው ሁሉ ይበልጥ ጻድቅ ነኝ።

ለተብርሃን ፌርማታ ላይ አግኝታኝ ነገረችኝ፦ ከአዲስ አበባ ተቆጣጣሪ ሊመጣ ነው። ሆስፒታሉን ሁሉ አይቶ የትኛው ክፍል እንደሚቀጥል፣ የትኛው እንደሚዘጋ ይወስናል። «ጓለይ፣ ልጄ፣ አንቺ አማርኛ ታውቂያለሽ፤ ተናገሪልን» አለችኝ። አማርኛዬን ስትሰማ የመንግሥት ዘመድ የሆንኩ ይመስላታል። የሻሂ ቤት ልጅ መሆኔን እየረሳች።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 17

የሰማሁት፣ በር ላይ ቆሜ፣ ጫማዬን የማስር መስዬ፦

ሲስተር ላቀች፦ «ሰውየው ምን እናሳየው? ሁለት ወር ሙሉ ተቀምጠን አንድ ልጅ 'ማይ' አለ እንበለው? ይስቅብናል።»

ዶክተር፦ «እውነቱን እናሳየዋለን።»

ሲስተር፦ «እውነቱ እኮ ትንሽ ናት፣ ዶክተር።»

ዶክተር የጠርሙሱን ክዳን አጠበቀች።

ትንሽ ናት። ትንሽ ናት። ከአውቶቡስ ፌርማታዬን በሁለት አልፌ ነው የወረድሁት።

ዓርብ፣ ኅዳር 20

ለመመዝገብ ያህል፦ ለደግ ነገር ነው።

ነጂ የራዲዮውን ሁሉ ይደግማል አይደል? ታዲያ አንድ ጥሩ ነገር ቢደግም ምን አለበት? ጓሮ ወስጄ በዜና አንባቢው ድምፅ እነግረዋለሁ፦ «እንኳን ደህና መጡ ክቡርነትዎ!» መዳፉን ጫን ሳደርገው ይላል፤ ካራሜላ ይበላል። እኔ እየጾምኩ የካራሜላ ሽታ መቻሌ ራሱ መሥዋዕት ነው።

ዶክተር አንዴ፣ «መድገም መናገር አይደለም» ብላ ነበር። አውቃለሁ። ግን ለአንድ ቀን ነው። ለአንድ ሰውዬ።

እሑድ፣ ኅዳር 22

ሳልጫነውም ይላል አሁን። ጎበዝ ልጅ።

አባዬ ሰማና ብርጭቆ ጣለ። እኔ እንዳስጠናሁት አልነገርኩትም። ደስ ብሎታልና።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 24

ሰውየው አቶ ደርበው ይባላል። ክፉ ሰው ቢሆን ጥሩ ነበር። ግን ደግ ሰው ነው፤ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ልጅ የሚወድ። ከኋላው ሦስት ሰዎች ተከትለው ገቡና ክፍሏ ሞላች። ምንጣፉን በጫማ ላለመርገጥ ሁሉም በአንድ እግር ቆሙ።

መጀመሪያ ወደ ኣምለሰት ጎንበስ አለ። «ስምሽ ማነው፣ የኔ ቆንጆ?»

ኣምለሰት እናቷን አየች። ለተብርሃን፣ «ኣምለሰት እዩ ስማ» አለች።

«ልጅቷ ትናገር እንጂ፣ እናት! በአማርኛ አታውቅም?»

ያን ጊዜ ኣምለሰት ጣቷን ዘረጋች። ወደ ብስኩቱ ጠርሙስ፣ ከዚያ ዓይኖቿን ወደ ሰውየው። ከማታውቀው ሰው ስትጠይቅ የመጀመሪያዋ ነው። ሰውየው ግን ቀና ብሎ ነበር፤ የጠርሙሱን ነገር አላየም። «ይህቺ ገና ናት» አለ።

እኔ የነጂን መዳፍ ጫን አደረግሁ።

«እንኳን ደህና መጡ ክቡርነትዎ!»

በዚያ ድምፅ። እንደ ትልቅ ሰው። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ሰውየው ነጂን ብድግ አድርጎ ተሸከመው። «ይህ ነው አይናገርም የተባለው? ይህ እኮ ነገ ሚኒስትር ነው! መታከም የጀመረው መቼ ነው?»

«ክረምቱ እንደወጣ ነው፣ ክቡርነትዎ» አለች ሲስተር ላቀች፤ ፊቷ በርቶ። በዕድሜዋ የመጀመሪያዋ ፈገግታ ይመስለኛል።

«ክቡርነትዎ» አለች ዶክተር፣ «ልጁ የሰማውን ነው የደገመው። ሲፈልግ መጠየቅን ገና —»

«ትሕትናውን ይተዉት፣ ዶክተር! በአንድ ጥግ ይህን ያህል ከሠሩ ሰፊ ቦታ ቢሰጥዎት ምን ሊሠሩ ነው?»

ሲወጡ ኣምለሰት ጣቷ አሁንም ተዘርግቶ ነበር። ዶክተር ጠርሙሱን ከፍታ ሰጠቻት።

ከዚያ ምንጣፉን አብረን ስንጠቀልል፣ ሳታየኝ፣ «ስንት ቀን ፈጀብሽ?» አለች።

«ሲስተር ላቀች ቆቧ ዞሮባት ነው የዋለችው፣ አይተዋል?» አልኳት።

ዶክተር ጥፍሯን አየች። ረጅም ጊዜ አየች። እኔ ስለ ዝናብ አወራሁ። ኅዳር ላይ ዝናብ የለም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 26

ሻሂ ቤታችን ዝነኛ ሆኗል። ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ከጎዳይፍ ድረስ ሰው ይመጣል። «እስቲ ልጁን አስነግሩት!» ነጂ ይላል፤ ካራሜላ ይቀበላል። አባዬ ከደስታው ብዛት ሻሂ በነፃ ይሰጣል።

ዛሬ ነጂ እንስራው አጠገብ ቆመ። ቀና ብሎ አየኝ። ጠበቅሁት።

«እንኳን ደህና መጡ ክቡርነትዎ» አለኝ።

ውሃ ፈልጎ ነው። ባዶ ብኬሪ ይዞ።

«ማይ በል» አልኩት። «ነጂ፣ ማይ።» እሱ ደግሞ ያንኑ። ሦስተኛው ላይ ድምፁ የዜና አንባቢ መሆኑ ቀርቶ ልቅሶ ሆነ። ሰጠሁት። ሳይጠይቅ ሰጠሁት።

ወይስ ጠይቋል? ማንን ልጠይቅ?

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 1

ዶክተር አዲስ አበባ ተዛውራለች። ትእዛዝ ነው። ትልቅ ክፍል ልትመራ፤ የአገሩን ሕፃናት ሁሉ፤ ማዕረግ፣ ማኪና፣ ከሾፌር ጋር። ሌሎቹ ሐኪሞች «የጨዋታ ሐኪም» ማለት ትተው እጇን ሊጨብጡ ተሰልፈዋል።

አንድ ዓመት ስጡኝ ብላ በስልክ ለምናለች። «ሥራው እንዲህ ቶሎ የሚፈጸም ከሆነ እዚያ ጥግ ላይ የሚያቆይዎት ምንድን ነው? ለነርሶቹ ይተዉላቸው» አሏት። ነርሶቹ ደግሞ ለኩፍኙም አልበቁም። ስለዚህ ክፍሏ ወደ አንሶላዋ ትመለሳለች።

ለእናቶቹ በትግርኛ ስትነግራቸው ለተብርሃን፣ «ንሕናኸ?» አለች። እኛስ?

ሲስተር ላቀች በር ላይ ቆማ፣ «እኔ ገና መሬት ላይ መቀመጥ ነው የተማርኩት» አለች፤ ለማንም አይደለም፤ ለበሩ።

በኋላ ኮሪደር ላይ ለሌላ ነርስ ስትናገር ሰማኋት፦ «ያ የወሎዬው ልጅ ያን ቀን አፉን ባይከፍት ኖሮ ይኸኔ እዚሁ ነበረች።»

ነጂ ምን አደረገ? ነጂ ምንም አላደረገም።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 4

ለአባዬ ልነግረው ሦስቴ ጀመርኩ። አንደኛው ጊዜ ደንበኛ መጣ። ሁለተኛው ላይ አዛን ሆነ። ሦስተኛው ላይ ማንም አልመጣም፤ አዛንም አልነበረም፤ እኔ ነኝ የሄድሁት።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 8

የመጨረሻዋ ማክሰኞ።

አባዬ ጾሙን ይዞ፣ ሻሂ በፔርሙስ ይዞላት መጣ። ስኳር አላደረገበትም፤ ጠይቋት አያውቅም፤ እንደማትወድ አይቶ ነው ያወቀው። ጠጣችና፣ «ልክ ነው» አለችው። አባዬ መሬት መሬት እያየ፣ «ልጄን አድነው ነው የሚሄዱት፤ አላህ ያክብርዎት» አለ።

ዶክተር እኔን አየችኝ። ከዚያ እሱን። «አቶ ሑሴን፣ መጠበቁን አደራ አይተዉ። ገና ነው።»

«እንዴ፣ እየተናገረ?»

«ገና ነው» አለች፣ ሌላ አልጨመረችም።

ሰዎች ሲወጡ ወደ ኋላ ቀረሁ። ቃሉን ይዤ ነበር የመጣሁት፤ መንገድ ላይ ከቤት ጀምሮ ስለማመደው ነበር። አፌን ስከፍት እጇን ትከሻዬ ላይ አደረገች።

«አንቺ አይደለሽም» አለችኝ።

ሳልጠይቃት ሰጠችኝ። ለማንም የማታደርገውን።

ቃሉ እስካሁን አፌ ውስጥ ነው።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 12

ዒድ። አዲስ ቀሚስ። እንግዶች። «ያን ነገር ይበልልን እስቲ!» ነጂ አላለም። ካራሜላ ሰጡት፤ ጣለው። አሁን ያንንም ትቷል። ራዲዮውንም አይደግምም። ግድግዳ ያያል።

አባዬ፣ «ደክሞታል ልጄ፣ ተዉት» አለ። ውሃ ቀዳና ወደ አፉ አስጠጋለት። አልጠበቀም። ብኬሪውን ሲይዝለት እጁ አልተንቀጠቀጠም።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 15

ከሆስፒታል ነው የምጽፈው፤ ከክፍሉ። ገባን። በኋላው መስኮት።

ነጂ ከምሳ በኋላ ፌርማታው ላይ ሄዶ ቆመ። ማክሰኞ መሆኑን በምን እንዳወቀ እንጃ። «ተዘግቷል» አልኩት፤ አውቶቡሱ ውስጥ ገባ። «ሄዳለች» አልኩት፤ በሩ ድረስ መርቶ አመጣኝ። ተቆልፏል። ግንባሩን በሩ ላይ አድርጎ ቆመ። ማየት አልቻልኩም፤ ዞሬ መስኮቱን ገፋሁት።

ውስጡ እስከ ጣሪያ አንሶላ ነው። ምንጣፉ የለም። መሬቱ ይቀዘቅዛል። ነጂ በሁለት የአንሶላ ክምር መካከል፣ ድሮ የሚቀመጥባት ቦታ ላይ ተቀመጠ። ፊት ለፊቱ ተቀመጥሁ። ምን እንደምሠራ አላውቅም። ብስኩት የለኝም። ዶክተር አይደለሁም። ዘጠነኛ ክፍል ነኝ።

ዝም አልኩ።

በመስኮቱ ስንገባ የጫማው ክር ተፈትቷል። ቀና ብሎ አየኝ። እግሩን አንስቶ ጭኔ ላይ አደረገ።

አላሰርኩለትም። እጄ ሊያስር ሄደ፤ መለስኩት። እጄን ሥራ ለማስያዝ ነው የምጽፈው። ጎንበስ ብዬ። አላየውም።

እግሩን ጫን አደረገው። እንዲገባኝ።

ገብቶኛል የኔ ጌታ። ግን ያልገባኝ እመስላለሁ።

ያየኛል። ፊቴ ላይ ይሰማኛል። እየጠበቀኝ ነው፤ እኔም እየጠበቅሁት ነው።

እጁ ደብተሬ ላይ። ገፋው። እንዳየው ነው። አየሁት። ከንፈሩ ተገጠመ፤ ቃል ሊወጣ ሲል እንደሚሆነው። የካራሜላው አይደለም። ያ በእንዲህ ያለ ከንፈር አይጀምርም። ሌላ ነው። የራሱ ነው።

ና። ና የኔ ልጅ። አልናገርም፤ በልቤ ነው።

በር ላይ ቁልፍ ገባ። ትንሽ ቆዪ በላት፣ ያ ረቢ፣ ትንሽ ብቻ

ሲስተር ላቀች፣ አንሶላ እስከ አገጯ ታቅፋ፦

«ቀድሪያ!»